ተራ ጠባቂው

«በሩ ከዚህ ጋ ይበሳል፤ አልጋው ካለበት» አለች አማከለች። ግንበኛውም ሜትሩን ሳብ አድርጎ ግድግዳው ላይ ዘረጋ። አስቸጋሪው ነገር አልጋው ላይ ሰው መኖሩ ነበር። ባየች እግሯን ሰብስባ፣ ሰፌድ ሙሉ ሽንኩርት ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ የበሰበሰውን ከደህናው ትለያለች። ግንበኛው ሜትሩን በራሷ ላይ ሲያሳልፍ እንዳትከለክለው ጎንበስ አለችለት፤ ሲጨርስ ቀና አለች። አማከለች ክፉ ሰው ናት እንዳይባል ድምፅዋ ማር ነው፤ «ባዩዬ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ በይልኝ የኔ እናት» አለቻት፤ ባየችም ጠጋ አለች። ከዚያ ሁለቱ ስለ ሽንኩርት ማውራት ያዙ። ኪሎው ሰማንያ ብር ገብቶ የነበረው ወደ ስልሳ መውረዱን፣ ዝናቡ እንዲህ ከቀጠለ ማሳው ላይ ያለው በስብሶ ዋጋው መልሶ እንደሚሰቀል፣ የባሕር ዳር ነጋዴዎች ዘንድሮ ምን ነክቷቸው እንደቀሩ። ሰው የገዛ ክፍሉ ለሌላ እየተለካ ተቀምጦ የሽንኩርት ዋጋ ሲያወራ አይቼ አላውቅም የሚል ካለ፣ ወረታ ይምጣና ይመልከት።

ሰውመሆን ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ነው የሰማው። የባየች ታናሽ ወንድም ነው፤ የአማከለች ባል እንግዳው ደግሞ የሁለቱም ታላቅ። ሰውመሆን ሒሳብ ያስተምራል፤ ከአስፋልቱ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ቅዳሜ ጠዋት እህቱን ሊጠይቅ ብቅ ይላል። የአባታቸው አርባ የወጣው በቅርቡ ነው። ቤቱ ለማን ይሁን የሚለውን ሊያዩ ሽማግሎች የሚቀመጡት ገና ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነበር። እንግዲህ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ግንበኛ ቀደመ ማለት ነው። «ምን እየሠራችሁ ነው?» ማለት የማን ፈንታ ነበር? የእሱ አልነበረም? እሱ ግን «እንዴት አደራችሁ» ነው ያለው። ግንበኛው እንኳ አፍሮ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ባየች ቀና ብላ ወንድሟን አየችው፤ ዓይኗንም ቶሎ አልነቀለችም። እሱ ሰፌዱን አየ።

ቤቱ የሚያስቀና ሆኖ አይደለም። ሦስት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ። ነገር ግን ከእንግዳው የሩዝ መፈልፈያ ጋር አጥር ይጋራል። ማሽኑ ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ የገለባው ብናኝ በመስኮት እየገባ አልጋው ላይ፣ ዕቃው ላይ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የአባታቸው የአቶ አየነው ፎቶግራፍ ላይ ሳይቀር ይተኛል፤ ባየች ጠዋት ማታ ትወለውለዋለች። እንግዳው ማከማቻ አጥሮታል። የተፈለፈለ ሩዝ ኩንታሉ ዘጠኝ ሺህ ብር በደረሰበት ጊዜ ጆንያው ውጭ በሸራ ተሸፍኖ ዝናብ ሲመታው ማየት እንቅልፍ ይነሳል፤ ይህን አልክድበትም። ባየች ግን ሌላ መግቢያ የላትም። ባሏ ይፋግ ላይ ሌላ አግብቶ ከተዋት ወዲህ እዚሁ ናት። አባትየው ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ በዋለበት ዘመን ያገላበጠችው፣ ያጠበችው፣ ያጎረሰችው እሷ ናት። እንግዳው በር ላይ ቆሞ «እንዴት ዋልክ አባባ» ይልና ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ሰውመሆንም ቢሆን ብርቱካን ይዞ መጥቶ፣ ልጦ አጉርሶ፣ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ሦስት ልጅ ወልዶ አንድ ልጅ ጦረው፤ እሱም ወንዱ ሳይሆን ሴቷ።

ሰውመሆን ግን ሌላው ሰው የማያውቀውን ነገር ያውቃል። ባለፈው በጋ ፍል ውሃው ይሻለው እንደሆነ ብለው አባታቸውን ወንዛዬ ወስደውት ነበር። ከውሃው አጠገብ በሳጠራና በላስቲክ የተሠራች ጎጆ ተከራይተው ሰነበቱ። አንድ ከሰዓት ላይ አባትና ልጅ ብቻቸውን በነበሩበት፣ ሽማግሌው በደህናው እጁ የልጁን አንጓ ያዘና ተናገረ። ለእንግዳው ማሽን ተክዬለታለሁ፤ አንተን አስተምሬሃለሁ፤ ለእሷ ግን ምንም አላደረግሁላትም፤ ቤቱ የባየች ነው፤ ስሞት ይህን በሰው ፊት ትናገራለህ አለው። ሰውመሆን እሺ አባባ አለ። ሁለት ጊዜ አስደግሞ እሺ አስባለው። እና ለምን እስከዛሬ አልተናገረም? አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው፤ እንግዳው እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው፣ ኮሌጅ ሲገባ ጫማና ብርድ ልብስ የገዛለት ወንድሙ ነው። ሌላውን ምክንያት ግን እሱ ፍርሃት አይለውም። ዘዴ ይለዋል።

ይህን ዘዴ ከየት እንዳመጣው ለማወቅ እሱን ተከትሎ ወደ መባ መድኃኒት ቤት መሄድ ነው። መባ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ወረታ መድኃኒት ቤት ከፍታ ቀረች። ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ፣ የግሉኮስ ካርቶን በተደረደረበት ጠባብ ክፍል፣ ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ይከቡና ካርታ ይጫወታሉ። ካርታ ሲባል የተለመደው ኮንከር አይደለም። ኔትወርክ ጠፍቶ ከተማው ሁሉ ግድግዳ ሲያይ በሚውልበት ጊዜ መባ ከሻንጣዋ ያወጣችው፣ ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ ክንፍ ያለው ፈረስና የጭቃ ሰው የተሳለበት ባለ ብዙ ሕግ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ካርታዎች መርጦ ያሰናዳል፤ እነሱ ይህን «ጓዝ» ይሉታል። የሌላው ካርታ ካማረህ በራስህ ካርታ ትለውጠዋለህ፤ በዚህ ልውውጥ የተኳረፉበት ሳምንት አለ። ሁሉም እኩል ነፍስ ይዞ ይጀምራል፤ በየተራ ካርታ እያወጡ ይዋጋሉ፤ ነፍሱ ያለቀ ይወጣል፤ መጨረሻ የቀረው ያሸንፋል። መድኃኒት ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴትዮ በመጋረጃው ቀዳዳ አይታ ጥንቆላ ይዘዋል ብላ አስወርታባቸዋለች፤ እነሱም ከዚያ ወዲህ መጋረጃውን በመርፌ ቁልፍ ያያይዙታል።

ጓዝ የባለቤቱን ጠባይ ያወጣል። የመባ ጓዝ ትንንሽና ፈጣን ነው፤ ገና በመጀመሪያው ተራ እንደ አንበጣ ይፈላና ያገኘውን ይበላል። ባንክ የሚሠራው ሰማኸኝ ካብ ይክባል፤ ግንብ በግንብ ላይ ደርቦ ከኋላው ይቀመጣል፤ አይገድልም አይሞትም። ነርሷ ይርገዱ ደግሞ በካርታዋ ሳይሆን በምላሷ ነው የምትጫወተው፤ ዛሬ አትንካኝ በሚቀጥለው አልነካህም እያለች ሁሉንም ታስማማና ሁሉንም ታጣላለች። ሰውመሆን ዝም ይላል። አራት ሰው በከበበው ጠረጴዛ ጎልቶ የታየ ሰው ቀድሞ ይወድቃል፤ ሦስቱ ይተባበሩበታላ። ስለዚህ እሱ ደካማ መስሎ፣ አንድ ሁለት የማይረቡ የጭቃ ሰዎች ፊቱ ላይ አሰልፎ፣ ትልቁን ዘንዶ እጁ ውስጥ ደብቆ ይቆያል። ያንን ዘንዶ ለማግኘት አምስት ደህና ካርታ ለሰማኸኝ ሰጥቶበታል። ሌሎቹ ሲፋጁ፣ ሲደማሙ፣ እጃቸው ባዶ ሲቀር፣ ያን ጊዜ ያወጣዋል።

ከእህቱ ቤት ወጥቶ በሄደበት በዚያ ቅዳሜም እንደዚሁ ሆነ። መባና ሰማኸኝ ተያይዘው ተዳከሙ፤ ይርገዱ ከሁለቱም ጋር ውል ገብታ ሁለቱም አፈረሱባት፤ ሰውመሆን ሻዩን እየጠጣ ቆየና ዘንዶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አለቀ። ሰማኸኝ ሳቀ፤ መባ ግን ካርታዋን እየሰበሰበች ተናደደች። «አንተ እኮ አትጫወትም» አለችው። «ሰው እስኪያልቅ ትጠብቃለህ። ካንተ ጋር መጫወት ከሬሳ አጣቢ ጋር እንደመቀመጥ ነው።» እሱ እንደ ሙገሳ ወሰደው። እንዲያውም እየተመለሰ፣ በባጃጅና በአህያ ጋሪ መሃል እየተሹለከለከ፣ የከሰዓቱን ጉባኤ በልቡ እንደ ጠረጴዛ ዘረጋው። እንግዳው ትልቁ ነው፤ ቀድሞ ይናገራል፤ ያለውን ሁሉ ያወጣል። አማከለች ትጨምራለች። ሽማግሎቹ ይመዝናሉ። የአባቱን ቃል ገና በጅምሩ ቢያወጣው፣ ማን ሰማ፣ ማን አለ፣ ከእሷ ጋር ተማክራችሁ ነው ብለው ይረባረቡበታል። ይልቅ እንግዳው ራሱ በሽማግሌ ፊት የአባቴን ቃል አልጥስም ብሎ እስኪናገር መጠበቅ ነው። ያን ጊዜ ቃሉን ማውጣት፤ ከራሱ አፍ በወጣው ያዝ ማድረግ። ደግሞም ደንቡ ነው፤ ታናሽ መጨረሻ ላይ ይጠየቃል። ዘዴው መጥፎ አልነበረም። እኔም ብሆን መጥፎ ነው አልልም።

ሽማግሎቹ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መጡ። አንዱ የአባታቸው የአጎት ልጅ አያ በላቸው ናቸው፤ ከቁሐር ሚካኤል በባጃጅ፣ ግማሹን መንገድ ደግሞ በጭቃ በእግራቸው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ነው የመጡት። ሁለተኛው የነፍስ አባታቸው መምሬ ይርጋለም ናቸው፤ ሦስተኛው የእድሩ ዳኛ። ከእድሩ ቤት የመጣው አግዳሚ ወንበር ግድግዳውን ታኮ ተቀመጠ፤ ጠላና ቆሎ ቀረበ። ለሽማግሎቹ ክብር ሲባል ማሽኑ ጠፍቷል፤ ቤቱ እንዲያ ጸጥ ሲል ማንም አያውቀውም ነበር። መጀመሪያ የተወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። አያ በላቸው ዘንድሮ ውሃው ቀድሞ ሜዳውን እንደሸፈነው፣ ከብቱ የሚቆምበት ደረቅ መሬት እንዳጣ፣ የማዳበሪያ ዋጋ ሰው ሊገድል እንደደረሰ አወሩ። የእድሩ ዳኛ የድንኳኑ ሸራ መቀደዱን አነሳ። መምሬ ይርጋለም ሟቹን አመሰገኑ፤ ደግ ሰው ነበር፣ ማኅበር አጉድሎ አያውቅም አሉ። ባየች በሩ አጠገብ ዝቅ ባለች የእንጨት ዱካ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ሰውመሆን ትይዩዋ ነው። እንግዳው ከሽማግሎቹ ጎን፣ እጁን አጣምሮ። ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች ከአርባው ወዲህ እንዲህ አንድ ላይ ተቀምጠው አያውቁም፤ እርስ በርሳቸውም አልተነጋገሩም።

እንግዳው ተናገረ። መናገርስ ይችልበታል። እህቴን ጣላት ብሎ የሚያማኝ ካለ እግዜር ይፍረድበት አለ። ቤቱ የአባቴ ነው፤ ተሸጦ ለባዕድ ከሚሄድ እኔ ብይዘው የአባቴ ስም አይጠፋም፤ ማሽኑ የሁላችን እንጀራ ነው፤ ማሽኑ የሚኖረው ሩዙ ሲኖር፣ ሩዙ የሚኖረው ማከማቻ ሲኖር ነው አለ። ለእህቴ በቁሐሩ የአባታችን መሬት ላይ ከሚወጣው ሩዝ ድርሻዋን እሰጣታለሁ፤ እስከ መስቀል ከጓሮ ያለችው ማድ ቤት ውስጥ ትቀመጥ፤ ከዚያ ወዲያ ቤት ትከራይ፣ እኔም አግዛታለሁ አለ። ላቡን ጠረገ። የሚለውን እያመነ ነበር የሚናገረው፤ ክፋቱ እሱ ነው። ሰውመሆን አንዱ ካርታ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ እያለ በልቡ ይከታተላል።

አያ በላቸው ወደ በሩ ዞሩና ባየችን አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ አሏት። ባየች ከዱካው ብድግ አለች። ሽማግሎች ያሉት ይሁን፣ እኔ ለራሴ የምለው የለኝም አለች፤ ወንድሞቼ የሚያውቁት ነገር ካለ ግን ይናገሩ። ይህን ስትል ዓይኗ ሰውመሆን ላይ ነበር። ጠዋት ያየችበት አስተያየት ነው። እሱም አየት አደረጋትና በልቡ ቆይ እታለም፣ ትንሽ ቆይ አላት። ባየች ተቀመጠች።

ከዚያ ያ የሚጠብቀው ነገር መጣ። መምሬ ይርጋለም፣ አቶ አየነው የተወው ቃል የለም ወይ ብለው ጠየቁ። እንግዳው መልሱን አላዘገየም።

«አባቴ አንዲት ቃል ትቶ ቢሆን» አለ ደረቱን መትቶ፣ «ቤቱን ለመንገደኛ ስጡት ብሎ ቢሆን እንኳ፣ በመምሬ ፊት እናገራለሁ፣ አልጥስም ነበር። ግን ምንም ሳይል ነው የሄደው።»

ሰውመሆን እንዳሰበው ሆነ፤ ቃል በቃል እንዳሰበው። አሁን ብድግ ማለት ነው፤ «ብሏል» ማለት ነው፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ግን አየና፣ አማከለች ከጓዳ በር ላይ ሆና አንገቷን እያሰገገች ነው፤ ልትናገር ነው። እሷ ያላትን ሳታወጣ ቢናገር ኋላ ላይ መልስ ይተርፋታል። ትጨርስ። ትጨርስና ሽማግሎቹ አንተስ ይሉኛል፤ ያን ጊዜ የሚመልስብኝ ሰው የለም ብሎ አሰበ። እንግዳው ደግሞ በዚያች ሰዓት ዞር ብሎ አየው፤ ወንድሙን እንደሚያይ ሰው፣ ፈገግ ብሎ፣ በፍቅር። ሰውመሆን ፈገግታውን መለሰለት። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ አማከለች ባትኖርም ኖሮ ሌላ የሚጠብቀው ነገር አያጣም ነበር።

አማከለች ተናገረች፤ ባየችን እንደ እህቷ እንደምታያት፣ ማድ ቤቱን ኖራ ልታስቀባው እንዳሰበች፣ ቁም ሳጥኑን ትውሰደው እንዳለች። ረጅም ንግግር ነበር። በመሃሉ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ተሰማ። አያ በላቸው ወደ በሩ አንጋጠጡ። ከጣና በኩል ሰማዩ ጠቁሮ፣ ሜዳውን ሸፍኖ እየመጣ ነው።

«በሉ ልጆቼ» አሉ ምርኩዛቸውን ይዘው እየተነሱ፣ «ሰማዩን እዩት። ይኸ ውሃ መንገዱን ከቆረጠው እኔ ዛሬ ቁሐር አልገባም፤ ከብቶቹም ሜዳ ላይ ናቸው። የእንግዳው ሐሳብ ደህና ነው፤ እህቱን አልጣላትም። በዚሁ እንጨርሰው።»

የእድሩ ዳኛም ደህና ነው አለ። መምሬ ይርጋለም መስቀላቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ታናሽየውን አንተስ ያለው ሰው የለም። ዝምታውን ስምምነት አድርገው ወሰዱት፤ ቀኑን ሙሉ በእርጋታ ተቀምጦ የዋለ የተማረ ልጅ፣ ቢከፋው ይናገር አልነበር? ሁሉም ተነሳ፤ ሰውመሆንም ተነሳ። ሽማግሌ ሲነሳ አብሮ መነሳት ለማንም የሚነገር ነገር አይደለም።

እዚህ አገር ሽማግሌ መዳፉን ዘርግቶ ሲመርቅ አፍ በራሱ ነው የሚመልሰው። ሕፃን ገና አባባ ማለት ሳይችል አሜን ይላል። አያ በላቸው ይህን ቤት ሰላም ያድርገው አሉ፤ ሁሉም አሜን አሉ። ልጆቹን ያስማማቸው፣ ለሩዙም ለከብቱም ይድረስ አሉ፤ አሜን። ሰውመሆን አንድ ነገር ልበል፣ አሁን ልበል እያለ አፉ ግን አሜን ይላል። ከዚያ መምሬ መስቀሉን ከፍ አድርገው ነገሩን በግዝት አሰሩ። ዛሬ የተባለውን ያፈረሰ፣ ነገሩን መልሶ ያነሳ፣ በፍርድ ቤትም በሹክሹክታም ያስነሳ፣ ከምርቃቱ ይለይ፣ ልፋቱ አይባረክለት አሉ። አሜን። ሰውመሆንም አለ። ዝቅ አድርጎም አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ከኋላ ለተቀመጠ ተማሪ በሚያሰማበት ድምፁ፣ ጥርት አድርጎ ነው ያለው። ከአፉ ሲወጣ ጆሮው ሰማው። ቀና ሲል የባየች ከንፈር አልተንቀሳቀሰም ነበር። አሜን ያላለችው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ማን አየ?

አያ በላቸው ባጃጅ ይዘው ሲጣደፉ ሸኟቸው። እንግዳው ታናሽ ወንድሙን ትከሻው ላይ አቀፈው፤ አኮራኸኝ፣ ሰው ሆነሃል አለው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ሰውመሆን «ጋሼ» ብሎ ጀመረና እዚያው ቀረ። ምን ይበል? ቃሉን አሁን ቢያወጣው የወንድሙን ደስታ ብቻ ሳይሆን የመምሬን ግዝት መድፈር ነው። ፍርድ ቤት ይሂድ? በሽማግሌ የተዘጋ ነገር ፍርድ ቤት የወሰደ ሰው በዚህ ከተማ ለቅሶ ቢደርሰው ማን ይቆምለታል? ደግሞስ አሜን ብለሃል አይሉትም? ያን ሁሉ ጊዜ አንቆ የያዘውን ቃል የሚያወጣበት ቦታ አሁን አልነበረም። ቢያወጣውም የሚገዛው የለም። አጥሩ ማዶ ማሽኑ እንደገና ተነሳ፤ ግድግዳው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ዝናቡ ወርዷል። ባየች ክፍሏ ውስጥ ናት። ሽንኩርቱን ጆንያ ውስጥ ከታ አፉን በሲባጎ አስራዋለች፤ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አውርዳ ጠቅልላለች፤ ፍራሹን አጥፋ አቁማዋለች። የሚያቻኩላት የለም፤ እስከ መስቀል ጊዜ ተሰጥቷታል፤ ያ የተሰጣት ግን ማድ ቤቱ እንጂ ይኸኛው ክፍል አልነበረም። ሰውመሆን በሩ ላይ ቆመ። ዕቃ ልያዝልሽ ማለት ፈልጎ ሌላ ነገር ወጣው።

«እታለም፣ ልናገር ነበር። አባባ ወንዛዬ ላይ የነገረኝ ነገር ነበር፤ ስለ ቤቱ። መጨረሻ ላይ ልናገር ብዬ...»

ባየች ቀና አላለችም። የጆንያውን ቋጠሮ አጠበቀች።

«አውቀዋለሁ» አለች። «ውሃ ቀድቼ ስመለስ ከላስቲኩ ውጭ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሁለት ጊዜ እሺ አስባለህ።»

ሰውመሆን የበሩን መቃን ያዘ። ከተቀመጠችባት ዱካ፣ ከጠዋት ጀምሮ፣ ከአርባው ጀምሮ፣ ከበጋ ጀምሮ ያየችበትን ሁሉ አስተያየት አሁን ገባው። ሁሉም አንድ ነገር ነበር፤ ተናገር። ሌላ ዘዴ፣ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

«ታዲያ... ታዲያ ለምን አንቺ አልተናገርሽም? ጠይቀውሽ ነበር እኮ።»

«ለራሴ እንዴት እመሰክራለሁ?» አለች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም፤ ደክሟት ነበር። «ቤት ፈልጋ ነው የጦረችው ይሉኝ ነበር። ላንተ ነበር የነገረህ። እኔ ቀኑን ሙሉ አፍህን ሳይ ዋልኩ።»

የዝናቡ ድምፅና የማሽኑ ድምፅ ተቀላቅለው ቤቱን ሞሉት። ከጓዳ አማከለች ግንበኛውን በስልክ እያነጋገረች ነበር፤ ሰኞ ማለዳ ይምጣ፣ ሲሚንቶው ተወዷል፣ በጭቃ ይሁን ትላለች። ባየች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። በአልጋው ራስጌ በኩል ዞረችና ጎንበስ ብላ ብረቱን ያዘች፤ ማድ ቤቱ ጓሮ ነው፤ ጓሮው ጭቃ ነው፤ ለአንድ ሰው ደግሞ ይከብዳል።

«በል፣ በግርጌው በኩል ያዝልኝ» አለችው።

ሰውመሆን ያዘ።